ስለ ቅን አንባቢ

ሰው የራሱን ሃይማኖት መጽሐፍ ሲያነብ ወደ አባቱ ቤት እንደሚገባ ልጅ ነው፤ ደጃፉን ያውቀዋል፤ ቢጨልም እንኳ አይደናቀፍም። የሌላውን ሃይማኖት መጽሐፍ ሲከፍት ግን እንግዳ ነው። እንግዳም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ተጣርቶ፣ ግቡ ሲባል ገብቶ፣ ባሳዩት ስፍራ ተቀምጦ የቤቱን ወግ የሚመለከት ነው። ሁለተኛው የቤቱን ጉድፍ ለቅሞ ለጎረቤት ሊያወራ የሚመጣ ነው። ሁለቱም ገቡ ይባላል፤ ቤቱን ያየው ግን ፊተኛው ብቻ ነው።

እኔ ብዙ ዘመን ከሁለተኛው እንግዳ የባስሁ ነበርሁ፤ ወደ ቤቱ ሳልገባ ስለ ቤቱ አወራ ነበርና። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። መጽሐፍ ቅዱስን መውደድን የተማርሁት በዚያ ስለ ሆነ ውለታውን እስከ መቃብር አልረሳውም። ከዚያም ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተማርሁ። በክፍል ውስጥ የሃይማኖት ነገር ሲነሣ፣ ቁርአን እንዲህ ይላል፣ እንዲህ ያዛል እያልሁ ለልጆቹ እናገር ነበር። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ፣ ሒሳብ የሚያስተምሩ አንድ ሙስሊም ባልደረባዬ ስኳሩን ወደ እኔ እያቀረቡ፣ «መምህር፣ ስለ ቁርአን የሚናገሩትን ልጆቹ ነገሩኝ። ለመሆኑ መጽሐፉን አንብበውታል?» አሉኝ። በቃላቸው ቍጣ አልነበረበትም። «አላነበብሁትም» ማለት አሳፈረኝ፤ «አንብቤዋለሁ» ማለትም ሐሰት ሆነብኝ። ስለዚህ «ደወል ተደወለ» ብዬ ተነሣሁ። ደወሉ ግን ገና አልተደወለም ነበር።

ይህ ጥያቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተከተለኝ። መጽሐፉን ከመክፈቴ በፊት ግን ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች እንዲህ ባለው ደጃፍ ላይ በቆሙ ጊዜ ምን እንዳደረጉ ለማወቅ ፈለግሁ። ስለዚህም ሁለት መጻሕፍትን አነበብሁ፤ እነርሱም የቅዱስ አውጉስጢኖስ «ኑዛዜ» እና የማሕተማ ጋንዲ የሕይወት ታሪክ ናቸው። ሁለቱም ጸሐፊዎች የማያምኑበትን ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ማንበባቸው ይመሰክራሉ፤ ፍጻሜያቸው ግን አንድ አይደለም። እንግዲህ ምስክርነታቸውን እንመርምር። ከዚህ በታች የምጠቅሰው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አውጉስጢኖስ በ354 ዓመት በሰሜን አፍሪካ፣ ታጋስቴ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ስፍራው በዛሬዋ አልጄርያ ውስጥ ነው። እናቱ ሞኒካ ክርስቲያን ስለ ነበረች የክርስቶስን ስም ከልጅነቱ ሰምቶአል። ይሁን እንጂ አእምሮውን የያዘው የንግግር ጥበብ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው የሮማዊውን የሲሴሮን አንድ መጽሐፍ አንብቦ ጥበብን የመፈለግ ፍቅር አደረበት፤ ከዚህም የተነሣ መጽሐፍ ቅዱስን ከፈተ። ነገር ግን ቃሉ ከሲሴሮ ክብር ጋር የማይተካከል፣ ተራና ያልተሞረደ መስሎ ስለ ታየው ዘጋው። ከዚያም ወደ ማኒ ተከታዮች ሄዶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከእነርሱ ጋር ቆየ።

በኋላ ጳጳስ ሆኖ፣ በ397 ዓመት ግድም ይህን ታሪክ ሲጽፍ፣ የዚያን ጊዜ ጥፋቱ ትዕቢት እንደ ነበረ ይናዘዛል። መጽሐፉ ዝቅ ብሎ ለሚገባ የተሠራ ደጅ ነበረው፤ እርሱ ግን አንገቱን ለመድፋት እንቢ አለ። ይህ ታላቅ ኑዛዜ ነው። እኔ ግን በመምህርነቴ በዚህ ክፍል ላይ ሁለት ነገር እነቅፋለሁ። አንደኛ፣ የትኛውን የመጽሐፉን ክፍል ከፍቶ እንደ ዘጋው አይነግረንም፤ ነገሩን በጥቂት መስመር ብቻ ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ ጳጳሱ ወጣቱን ይፈርድበታል እንጂ አይጠብቅለትም። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ይነበብ የነበረው የላቲን ትርጕም በብዙ እጅ የተሠራ፣ አንዳንድ ስፍራም ቃል በቃል የተገለበጠና ለጆሮ የሚከብድ ነበር። ሄሮኒሞስ የላቲኑን ትርጕም ማረም የዠመረው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ወጣቱ የተሰናከለው በትዕቢቱ ብቻ ሳይሆን በትርጕሙም ጭምር ነው። ሰውን ስንወቅስ፣ ራሳችንንም እንኳ ቢሆን፣ የሚገባውን ብቻ መውቀስ ይገባናል።

ሁለተኛው ንባብ በሚላኖ ሆነ። በ384 ዓመት የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ወደዚያ ሄደ። የከተማው ጳጳስ አምብሮስዮስ ስመ ጥር ሰባኪ ስለ ነበረ አውጉስጢኖስ ሊሰማው ይሄድ ዠመረ። ሆኖም የሄደው ለትምህርቱ ሳይሆን ንግግሩ እንደ ዝናው መሆኑን ሊመዝን ነበር። እዚህ ላይ «ኑዛዜ» እጅግ እውነተኛ የሆነ ነገር ይነግረናል። አውጉስጢኖስ አምብሮስዮስን አስቀድሞ የወደደው የእውነት መምህር ነው ብሎ አይደለም፤ በእንግድነቱ በደግነት ስለ ተቀበለው ነው። ከፍቅሩ በኋላ ጆሮው ተከፈተ። አምብሮስዮስም የብሉይ ኪዳንን አስቸጋሪ ስፍራዎች ከፊደሉ በስተ ውስጥ ባለው ምሥጢር ሲፈታቸው፣ ቀድሞ ተረት የመሰለው ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ሌላ ነው፤ ትርጓሜ ሌላ ነው። ደቀ መዝሙር አስቀድሞ ንባቡን ይለምዳል፤ በኋላም በመጽሐፍ ቤት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ ሲያወርድለት ይሰማል። እኔ በሚሲዮን ተምሬ ስለ ወጣሁ ይህን ልማድ በወጣትነቴ ነገር ማብዛት አድርጌ እቈጥረው ነበር፤ የአውጉስጢኖስን ታሪክ ሳነብ ግን ጥቅሙ ገባኝ። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው የህንደኬ ጃንደረባም በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ፊልጶስ የምታነበው ይገባሃልን ብሎ በጠየቀው ጊዜ አልተቈጣም፤ የሚመራው ሰው እንደሌለ ተናግሮ በሠረገላው ላይ እንዲቀመጥ ለመነው። ሹም ነበር፣ የንግሥት ገንዘብ ሁሉ በእጁ ነበር፤ አለማወቁን ግን አልደበቀም። እኔ በሻዩ ጠረጴዛ ላይ ያልቻልሁት ይህን ነው።

በ386 ዓመት አውጉስጢኖስ በሚላኖ በአንድ የአትክልት ስፍራ እያለቀሰ ሳለ፣ ከጎረቤት ቤት መጽሐፍ አንሥቶ እንዲያነብ የሚነግረው የሕፃን ድምፅ ሰማ፤ የጳውሎስንም መልእክት ገልጦ ዓይኑ ያረፈበትን አነበበ፤ በዚያም ልቡ ጸና። በሚከተለው ዓመት በፋሲካ ከአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። ብዙ ሰዎች ይህን የአትክልት ስፍራ ብቻ ያስታውሳሉ። እኔ ግን ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ይበልጣሉ እላለሁ፤ አንገቱን ቀስ በቀስ የደፋው በእነርሱ ውስጥ ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምስክር እንሂድ። ጋንዲ በ1869 ዓመት በህንድ አገር በፖርባንዳር ተወለደ። የሕይወቱን ታሪክ ከ1925 ዠምሮ በጋዜጣ በየሳምንቱ ያወጣው ነበር። በልጅነቱ በራጅኮት ከተማ ሲማር፣ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ሚሲዮናውያን በመንገድ ጥግ ቆመው የሂንዱዎችን አማልክት ሲሰድቡ ይሰማ እንደ ነበረ ይተርካል። አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ ሰማቸው፤ ሁለተኛ ግን አልደገመውም። ከዚህም የተነሣ ለሌሎች ሃይማኖቶች ትዕግሥት የነበረው ልጅ ክርስትናን ብቻ ጠላ። እኔ የሚሲዮን ልጅ ነኝና ይህን ገጽ ያነበብሁት እያፈርሁ ነው። ወንጌልን ሊሰብኩ የወጡ ሰዎች የአንድን ልጅ ወንጌል ሳይከፈት ዘጉበት።

በ1888 ዓመት ሕግ ሊማር ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያ ሁለት ወንድማማቾች የሂንዱዎችን ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን አብሮአቸው እንዲያነብ ጠየቁት። እርሱ ግን የራሱን ሕዝብ መጽሐፍ በሳንስክሪትም ሆነ በአገሩ በጉጀራቲ ቋንቋ አላነበበውም ነበር፤ አፈረም። በ1885 ኤድዊን አርኖልድ ወደ እንግሊዝኛ በመለሰው ግጥም ከእነርሱ ጋር አነበበው። እንግዳ ሰው ስለ ቤታችን ሲጠይቀን የራሳችንን ቤት እንደማናውቀው ይገለጥብናል።

በዚያው ወራት ሥጋ በማይቀርብበት አንድ ማረፊያ ቤት ከማንችስተር የመጣ አንድ ደግ ክርስቲያን አገኘ። ጋንዲ በራጅኮት የሰማውን ስድብ በነገረው ጊዜ ሰውየው አዘነ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም እንዲያነብ ለመነው። ጋንዲ እሺ ብሎ ገዝቶ ዠመረ። ከኦሪት ዘፍጥረት በኋላ ያሉት ምዕራፎች እንቅልፍ እንዳመጡበት ሳይደብቅ ይናገራል፤ አንብቤዋለሁ ለማለት ብቻ ሳይገባው ገፋበት፤ ኦሪት ዘኍልቍንም አልወደደውም። ወደ አዲስ ኪዳን በደረሰ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ የተራራው ስብከት በቀጥታ ወደ ልቡ ገባ። ከጊታም ጋር አስተያየው። በኋላ በደቡብ አፍሪካ ሳለ የቶልስቶይን መጽሐፍ አነበበ፤ ሴል የተባለው እንግሊዛዊ የተረጐመውን ቁርአንም ገዝቶ ማንበብ ዠመረ። እርሱ ግን ክርስቲያን አልሆነም፤ ሙስሊምም አልሆነም፤ በ1948 በጥይት ተመትቶ እስኪሞት ድረስ ሂንዱ እንደ ሆነ ኖረ።

በጋንዲም ላይ የምነቅፈው አለኝ። አንብቤዋለሁ ለማለት ብቻ ማንበብ ለመጽሐፉም ለአንባቢውም አይጠቅምም። እንቅልፉን በመናዘዙ እናመሰግነዋለን፤ ነገር ግን እንቅልፍ ዳኛ ሊሆን አይገባም። ከብሉይ ኪዳን ከባዱን ስፍራ ይነግረናል፤ በዚያ ምዕራፍ ግን ስለ ነቢያትና ስለ መዝሙረ ዳዊት ምንም አይልም። የማንችስተሩ ሰው መጽሐፉን ሰጠው እንጂ አብሮት አልተቀመጠም። ፊልጶስ በሠረገላው ላይ አልወጣም። አውጉስጢኖስ አምብሮስዮስን ባያገኝ ኖሮ እርሱም በኦሪት ላይ እንቅልፍ ወስዶት ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱ ምስክሮች በአንድ ነገር እንደሚስማሙ ልብ አድርግ። መጽሐፉን ያስከፈታቸው ክርክር አይደለም፤ የአንድ ሰው ደግነት ነው። አንዱን ጳጳስ በፍቅር ተቀበለው፤ ሁለተኛውን በማዕድ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አዘነለት። በመንገድ ጥግ የተጮኸው ስድብ ግን ያስከፈተው መጽሐፍ የለም።

የሚለያዩበት ነገር ፍጻሜያቸው ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ የተቸገርሁበት ይህ ነው። በተማርሁበት ልማድ፣ በቅን ልብ አነበበ የሚባለው አንብቦ ያመነ ብቻ ነበር። ስለዚህ አውጉስጢኖስ ቅን አንባቢ ነው፤ ጋንዲ ግን ከደጅ የተመለሰ ነው እል ነበር። አሁን ግን እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ፍጻሜውን አስቀድመን ከወሰንንለት አንባቢውን ምን እንዲያነብ ለመንነው? የጠየቅነው ማንበብን አይደለም፤ እጅ መስጠትን ነው። ደግሞም ሌላው ሰው ይህንኑ ፍርድ ወደ እኛ ቢያዞረው ምን እንመልሳለን? እኔ ቁርአንን አንብቤ ክርስቲያን ሆኜ ብቀር፣ በቅንነት አላነበበም እንድባል አልወድም። ለራሴ የምሻውን ፍርድ ለጋንዲ ልነፍገው አልችልም። የተራራው ስብከት ከቃላት አልፎ በሥራው እንደ ተገለጠ ዓለም አይቶአል፤ ጠላትን ሳይመቱ የመቃወምን መንገድ ከያዙት ሰዎች አንዱ እርሱ ነውና።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ነው፣ እንደ ወደዱ ማመን ይቻላል እያልሁ አይደለም። ሁሉን አንድ ነው የሚል ሰው አንዱንም አላነበበም። ቅን አንባቢ ይፈርዳል፤ ነገር ግን ከሰማ በኋላ ይፈርዳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የተባለው ለዚህ ነው።

የዚህንም ምሳሌ ከሩቅ አገር ብቻ መፈለግ የለብንም። የሙስሊሞች የታሪክ መጻሕፍት እንደሚተርኩት፣ በ615 ዓመት ግድም የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አገራችን ንጉሥ መጡ። ቁረይሾችም እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ስደተኞቹን መልስልን አሉ። ንጉሡ ግን ሳልሰማቸው አሳልፌ አልሰጥም ብሎ አስጠራቸው፤ ከመጽሐፋቸውም የሚያነቡለት እንዳለ ጠየቀ። ጀዕፈር የተባለው ሰው ስለ ማርያም ከሚናገረው ምዕራፍ መዠመሪያውን አነበበለት፤ ንጉሡም ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ስደተኞቹንም አልሰጠም። ንጉሡ በኋላ ሰለመ የሚሉ አሉ፤ ክርስቲያን እንደ ሆነ ኖረ የሚሉም አሉ። በፍጻሜው ይለያያሉ፤ እጅ መንሻው ሳያታልለው ዳኛው አስቀድሞ መስማቱን ግን ሁሉም ያመሰግናል።

እኔም በመጨረሻ በ1961 ዓ.ም. ታትሞ የወጣውን የአማርኛ የቁርአን ትርጕም ተውሼ ዠመርሁ። በመዠመሪያው ሳምንት እርሳስ ይዤ ነበር። ስሕተት የመሰለኝን ሁሉ አሰመርሁ፤ ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ ግን ያነበብሁት መጽሐፉን ሳይሆን የራሴን መስመር እንደ ሆነ አየሁ። የሰውን መጽሐፍ ማበላሸቴም አሳፈረኝ። መስመሩን በላጲስ አጥፍቼ፣ እርሳሱን አስቀምጬ እንደ ገና ከመዠመሪያው ዠመርሁ። ከመቶ አሥራ አራቱ ምዕራፎች አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ማርያም ብቻዋን በምጥ ተይዛ ከዘንባባ ግንድ ሥር ሆና አገኘኋት። ያን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የማልቀበለው ነገር አለ፤ ስለ ክርስቶስ የምናምነውን መጽሐፉ አይቀበልምና። ነገር ግን ለልጆቹ «በውስጡ አለ» እያልሁ ከነገርኋቸው ነገሮች መካከል ፈልጌ ያጣሁት ብዙ ነው።

መጽሐፉን እንደ ጨረስሁ ወደዚያ ባልደረባዬ ቤት ሄድሁ፤ እርሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል። «ያን ጊዜ ደወሉ አልተደወለም ነበር» አልኋቸው። ሳቁና፣ «ዐውቄአለሁ» አሉኝ። ያልገባኝን ጠየቅኋቸው፤ አንዳንዱን መለሱልኝ፤ አንዳንዱንም ሼኽ ካልጠየቅሁ አሉ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው፣ «መምህር፣ እኔም እኮ ወንጌልን የማውቀው በሰው ወሬ ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ አንድ አዲስ ኪዳን ይዤላቸው ሄድሁ፤ ከቶም ስለ ፍጻሜው አልጠየቅኋቸውም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ምስክሮች የተማርሁትን ላጠቃልል። ቅን አንባቢ መሆን የሚሻ ሰው አንደኛ፣ ነቃፊውን እርሳስ አስቀምጦ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ይስማው። ሁለተኛ፣ በመጽሐፉ የሚኖር ሰው ፈልጎ ሳያፍር ይጠይቅ፤ ትርጕም ብቻውን እንደማይበቃ ከአውጉስጢኖስም ከጋንዲም አይተናልና። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ እርሱን ራሱን እንዲጠይቀው ይፍቀድለት። ከዚያ በኋላ በሕሊናው ይፍረድ።

ይህን የጻፍሁት ሌላውን ለመገሠጽ አይደለም። ያስተማርኋቸው ልጆች ዛሬ አባቶችና እናቶች ሆነዋል። ከእኔ የሰሙትን ለልጆቻቸው ነግረው ይሆናል፤ ከእነርሱም መካከል የሙስሊም ጎረቤት ያላቸው አሉ። የተናገርሁትን ቃል ከየቤቱ ዞሬ ልሰበስበው አልችልም። ስለዚህ ከእነርሱ አንዱ ይህን ገጽ ቢያገኘው፣ መምህሩ ያን ጊዜ ያላነበበውን ይናገር እንደ ነበረ ይወቅ፤ የነገርሁትንም በእኔ ቃል ሳይሆን በመጽሐፉ ይመርምረው።